የማንም ያልሆነው ውሃ

በዚያ የእርሻ አገር ሰው ዝናብ ሲያጣ ፈጣሪን ይለምናል፤ የቦይ ውሃ ሲያጣ ደግሞ እትዬ ጥላን። ፈጣሪ አንዳንዴ ይሰማል። እትዬ ጥላ ግን እንኳን ልትሰማ ዞራም አታይም፤ ዓይኗ ዱላዋ ላይ ነው።

መቼም እናትና አባት ያወጡላት ስም ነበራት። ከልጅነቷ ጀምሮ ሃምሳ ምናምን ዓመት ከጥላ ጋር ስትውል ግን ስሟን የሚያስታውሰው የመታወቂያ ወረቀቷ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሥራዋ ውሃ ማካፈል ነው። ከወንዙ ተጠልፎ የሚመጣው ቦይ ወደየማሳው ከመበተኑ በፊት፣ ራስጌው ላይ፣ የበር መዝጊያ የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሟል። መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለ። ጎህ ሲቀድ ክንድ የምታህል ቀጥ ያለች ዱላዋን እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ትተክላለች፤ የተገለበጠ ባልዲዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ የዱላዋ ጥላ ድንጋዩ ላይ በተፈለፈሉት መስመሮች መሃል ሲሳብ ታያለች። ጥላው መስመር ሲነካ «በቃ» ትላለች። አንዱ ገበሬ የራሱን መክፈቻ በጓልና በሳር ይደፍናል፣ ቀጣዩ የራሱን ይከፍታል። አንድ ቀን የእናቷ ወንድም፣ አላህ ይዘንለትና፣ «ልጄ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ» ቢላት «ቤት ስንገባ የእህትህ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ግን ጥላ ነኝ» ብላዋለች ይባላል። አጎትየው እስኪሞት ድረስ ይህን እያወራ ይስቅ ነበር፤ ውሃው ግን አልተጨመረለትም።

ውሃው ለስድስት ቤቶች ነው የሚካፈለው። ቤት ሲሉ ከአንድ አያት የወረደውን ዘር ሁሉ ማለታቸው ነው። ተራው ከቅድመ አያት ጀምሮ ፍንክች ብሎ አያውቅም። ጎህ ሲቀድ የመጀመሪያው ቤት፣ ረፋድ ላይ ሁለተኛው፣ ከዚያ እስከ ቀትር ሦስተኛው፣ ከቀትር በኋላ አራተኛው፣ ቀጥሎ አምስተኛው፣ ጸሐይ ስትጠልቅ የሚዘጋው ደግሞ ስድስተኛው። የአካፋዩ ቤት ተራ የለውም፤ ማሳም የለውም። አዝመራ ሲሰበሰብ ስድስቱ ቤቶች እህል ያወጡለታል። እሱ ግን ከቦዩ አንዲት ጭልፋ ውሃ ወደ ጓሮው ቢመራ ዱላውን ይነጠቃል፤ የሚነጥቀውም የመጀመሪያው ቤት ነው። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ስለዚህ የረሳው የለም።

ሰውን ግራ የሚያጋባው ሌላ ነው። በቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ውሃው የማንም አይሆንም። አንደኛው ጸሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ነው። ለሁለተኛው አካፋዩ በቀትር የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት ያደርግበታል፤ ጥላው ከዚያ ጠጠር አልፎ ሌላ አንድ ሙሉ የዱላ ቁመት ሲረዝም ጊዜው ደረሰ ማለት ነው። ያኔ መክፈቻው ሁሉ ይደፈንና ውሃው ከድንጋዩ ጀርባ ወዳለች አንዲት ጉድጓድ ይገባል፤ የማንም ስላልሆነ ደግሞ የት እንደገባ ተከትሎ የሚያይ የለም። አንድ ቅርጫት ድንች እስኪላጥ ያህል ይቆያል። ከዚያ የቀጣዩ ተራ ይጀምራል። የማንም ውሃ ይሉታል። እትዬ ጥላ ልጅ ሆና አባቷን ለምን እንደሆነ ጠይቃው ነበር።

«አባቴ እንዲህ አድርጎ ሰጠኝ» አላት። አባትየው ደግሞ የራሱን አባት ጠይቆ ያችኑ መልስ ነበር ያገኘው።

ከመስጊዱ አዛን ጋር የሚቀራረብ ሰዓት መሆኑን እትዬ ጥላ አላስተዋለችም ማለት አይቻልም። ግን የመስጊዱ ሰዓት ከከተማ በታተመ ሰሌዳ ነው የሚሄደው፤ ከእሷ ጥላ አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። ደግሞስ ቀትር የሁሉም አይደል? እሷም አዛን ስትሰማ «እነሱም ደረሱ» ብላ ታልፈው ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ከአምስት ዓመት በፊት ዝናብ ጠፋ። ከጉድጓዷ አጠገብ የእትዬ ጥላ የጎመን መደብ ነበር፤ እሱን የምታጠጣው ከሩቅ ኩሬ በባልዲ ተሸክማ ነው። ያን ዓመት ወገቧ አልሸከምም አላት። ጎመኑ ጠውልጎ መሬት ተኛ፤ ከጎኑ ደግሞ የማንም ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ እየገባ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። አየችው፣ ተወችው፣ ደግሞ አየችው። አንድ ከሰዓት ዶማ አነሳችና ጉድጓዷን አጽድታ፣ ደፍና፣ በላዩ ላይ መደቡን ልትዘረጋው ወሰነች። ስትቆፍር ግን ከጭቃው ስር ድንጋዮች ወጡ። ጠፍጣፋ ናቸው፤ ክብ ሠርተው ተደርድረዋል። አንዱን በእጇ ጠረገችው። ላዩ ላይ እግር የሚያህሉ ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች አሉት፤ በመዶሻ ሳይሆን በብዙ ዘመን እግር የተበሉ ናቸው። ዶማውን ጣለች። ሮጣ ለሰው ልትነግር ነበር። ግን ምን ብላ? «ውሃ ልሰርቅ ስቆፍር አገኘሁት» ብላ? መልሳ ቀበረችው፤ ጎመኗን በላዩ ላይ ተከለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎመኗ በገበያ የሚወራለት ጎመን ሆነ፤ እሷ ግን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ውሃው ወደ መደቡ ሲገባ፣ የማን እግር ይሆን እያለች ታስባለች። ይህን የምታውቅ አብራት የምትኖረው ልጇ ብቻ ናት።

ነገሩ በዚህ ያልፍ ነበር፣ መምህሩ ባይነሳ።

መምህሩ ከሌላ አገር ተመድቦ መጥቶ፣ ሦስት ትውልድ ፊደል አስቆጥሮ፣ ጡረታ ወጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ማሳ የለው፣ ዘመድ የለው፤ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከመጻሕፍቱና ከአንድ ዓይነ ስውር ድመት ጋር ይኖራል። የመስጊዱ ሼህ በሩ ላይ የሚቆም ጽሑፍ ይፈልጉ ነበርና፣ እስልምና ወደዚህ አገር እንዴት እንደገባ አጣርቶ እንዲጽፍ ለመኑት። መምህሩ ሦስት ቀን የሚፈጅ መስሎት ተነሳ፤ አምስት ወር ፈጀበት።

ምክንያቱም እያንዳንዱ ቤት የራሱ ታሪክ አለው። የአራተኛው ቤት ሰዎች በነጭ ፈረስ የመጣ አንድ ሊቅ ፈረሱ መሬት ቢረግጥ ውሃ ፈለቀ፣ ያንን ያዩ ሁሉ በአንድ ቀን ሰለሙ ይላሉ። የሦስተኛው ቤት ሰዎች የጨው ነጋዴ ነው የመጣው ባይ ናቸው፤ ፈረስ የሚባል ነገር አልነበረም፣ አህያ ነበር። የስድስተኛው ቤት አንድ አዛውንት ደግሞ መጽሐፍ በራሱ ተሸክሞ ወንዙን እግሩ ሳይረጥብ ስለተሻገረ ሰው ተረኩለት፤ መምህሩ ወንዙ በበጋ ይሁን በክረምት ቢጠይቃቸው ተቆጡ። ሁሉም የሚስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የሰለመው የእኔ ቤት ነው።

መምህሩ ታሪክ መጠየቁን ትቶ ዘር ማስቆጠር ጀመረ። ወደ ኋላ አያቶቻችሁን ቁጠሩልኝ ይላል፤ የመጀመሪያው የሙስሊም ስም ስንተኛው ላይ እንደሚመጣ ብቻ ይጽፋል። ሰው በታሪክ ይዋሻል፤ አያቱን ሲቆጥር ግን ጎረቤት አጠገቡ ቁጭ ብሎ እየሰማው ነውና ይጠነቀቃል።

በዚሁ ሰሞን ኢንጂነሩ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፣ ኮፍያው ገና አዲስ ነው። የአፈሩ ቦይ በሲሚንቶ ሊሠራ ነው፤ ውሃ በመንገድ መስረጉ ይቀራል ተባለ፤ ሁሉም ደስ አለው። ኢንጂነሩ ክር ወጠረ፣ በመነጽሩ አየ፣ ቀይ ቀለም አነሳና የእትዬ ጥላ ድንጋይ ላይ ትልቅ መስቀለኛ ምልክት አደረገበት። ቦዩ የሚያልፈው በዚያ ነው፤ ድንጋዩ ይፈለጣል። እትዬ ጥላ ባልዲዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችው።

ኢንጂነሩ አልጨከነም። ምክንያት ካላችሁ ቦዩን ሦስት ሜትር አጥፈዋለሁ አለ፤ ነገር ግን «ያሳዝናል» የሚባለው ምክንያት ወረቀት ላይ አይጻፍልኝም፤ የሚታይ፣ በእጅ የሚነካ ነገር ዓርብ ከሰዓት ድረስ አሳዩኝ፣ ቅዳሜ ሲሚንቶው ይገባል። ሼሁም ዓርብ ከስግደት በኋላ ስድስቱም ቤቶች በመስጊዱ ግቢ እንዲሰበሰቡ አስጠሩ።

ረቡዕ ዕለት መምህሩ ኮሌታ ሊያስገለብጥ እነ እትዬ ጥላ ቤት ሄደ። ልጇ ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊተኛውን ክፍል ሱቅ አድርጋዋለች። የስፌት መኪናው መስኮቱ ስር ነው፤ ክሮቹ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ የተሰነጠቀች መስታወት ተሰቅላለች፣ የገባ ሰው ሁሉ በሁለት ተከፍሎ የሚታይባት። መምህሩ ሸሚዙን አውልቆ ሰጥቶ፣ በካናቴራ ቁጭ ብሎ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ማጉረምረም ያዘ። አልገባ ያለው ነገር ነበረ። አራተኛው ቤት ዘጠነኛ አያቱ ላይ ሙስሊም ነው፤ ከእሱ ጋር አንድ አጥር የሚጋራው የመጀመሪያው ቤት ግን እስከ ዛሬ ክርስቲያን ነው። አምስተኛው ቤት ከወንዙ ማዶ ነው፣ ገበያም መንገድም አይደርስበት፤ እሱ ግን ስምንተኛው ላይ ሰልሟል። ሦስተኛውም ስምንት። ስድስተኛው አምስት። ሁለተኛው ሦስት ብቻ፣ ያውም ግማሹ። በጉርብትና እንዳይባል አይሆንም፣ በንግድ እንዳይባል አይሆንም።

እትዬ ጥላ የአራተኛውን ቤት ውሃ አስከፍታ ለምሳ ብቅ ብላ እጇን እየጠረገች በትከሻው ላይ አየችው። አየችው፤ ደግማ አየችው፤ ጨርቁን ጣለችው።

«መምህር፣ ይህን ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝ። እኔ ነኝ የደረደርኩት።»

«እርስዎ አልደረደሩትም» አለች። «ይህ እኮ የእኔ የውሃ ተራ ነው።»

መምህሩ ቀና አለ። እሷም በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ቦይ እየሳለች አስረዳችው። ተራ የደረሰው ሰው ድንጋዩ ጋ መጥቶ ይጠብቃል፤ ተራው ያለቀውም ሊደፍን እዚያው ይገኛል። በቀትር የማንም ውሃ ሲሆን ድንጋዩ ጋ ያሉት እነማን ናቸው? የሚዘጋው ሦስተኛውና የሚከፍተው አራተኛው። ከሰዓት በኋላስ? የሚዘጋው አራተኛውና የሚከፍተው አምስተኛው። አራተኛው ሁለቱም ጊዜ አለ። ስድስተኛው አንዳንዴ ቀድሞ ከመጣ ይደርሳል። ሁለተኛው ረፋድ ላይ ጨርሶ ይሄዳል፤ ካልዘገየ አያይም። የመጀመሪያው ቤትማ ጎህ ሲቀድ አጠጥቶ፣ ዘግቶ፣ ቁርሱን ሊበላ ቤቱ ይገባል። ከቅድመ አያት ጀምሮ የማንም ውሃን አይቶት አያውቅም።

መምህሩ በካናቴራው ብድግ አለ። ክፍሏ ውስጥ ሦስት እርምጃ ብቻ ነው መራመድ የሚቻለው፤ እሱ ግን ሦስቷን እርምጃ ሃያ ጊዜ ተራመዳት። ጸሐይ ከአናት ዘንበል ስትል፤ ጥላ በዱላው ቁመት ሲጨመር፤ ይህ እኮ የዙህርና የአስር፣ የቀትርና የከሰዓት ሶላት ጊዜ ነው፣ ሰዓት የሚባል ነገር ሳይኖር በፊት ሰው ሶላቱን የሚጠብቀው በዚህ ነው እያለ ይለፈልፋል። ስድስት ቤት በውሃ ሲጋደል ዳኛ የሚሆን ሰው ከየት ይመጣል? ዘመድና ማሳ ከሌለው እንግዳ! ያ እንግዳ ሙስሊም ነበር። ውሃውን ያካፍላል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ውሃውን ለማንም አይሰጥም፤ ታጥቦ ይሰግዳል። ተራ ጠባቂው ደግሞ ሥራ ፈት ነው። ቁጭ ብሎ ያያል። አንድ ዓመት ያያል፣ ሁለት ዓመት ያያል፣ በሦስተኛው ይጠይቃል።

«ፈረስ የለ፣ ተአምር የለ» አለ መምህሩ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፤ «ተራ መጠበቅ ብቻ!» ከዚያ በድንገት ቆመና ዞረ። «የመጀመሪያው እንግዳ የእርስዎ አያት ነው ማለት ነው። ውሃውስ የት ነበር የሚገባው?»

«ጉድጓድ ነበረች።»

«የት ናት?»

የስፌት መኪናው ቆመ። ልጅቷ መርፌው ላይ አጎንብሳ ቀረች። እትዬ ጥላ የጣለችውን ጨርቅ ከወለሉ አነሳች፣ አጠፈችው፣ እንደገና ዘረጋችው።

«ጠፍታለች» አለች።

መምህሩ ገና ትንፋሹ እየተቆራረጠ ወረቀቱን ሰበሰበ። ጉድጓዷ ካልተገኘች ኢንጂነሩ ይህንንም እንደ ነጩ ፈረስ ተረት ነው እንደሚለው ተናገረ። በአንድ ወገን ብቻ የተገለበጠ ኮሌታ ያለው ሸሚዙን ለብሶ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሰው «ማለዳ» እያለ የሚጠራው ሰውዬ ተራውን ጨርሶ መክፈቻውን ሲደፍን እትዬ ጥላ ባልዲዋ ላይ ነበረች። ማለዳ የመጀመሪያው ቤት አባወራ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሳይጎነታተሉ የዋሉበት ቀን የለም።

«ጎመንሽ ዘንድሮም አማረበት» አላት ጭቃውን ከእጁ እያራገፈ። «ምን ታጠጪዋለሽ? እንባ?»

«የጎረቤት ምቀኝነት ነው የሚያለመልመው።»

«እኔማ ደስ ይለኛል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አሉ» ብሎ ሳቀና ወደ ቁርሱ ሄደ።

እትዬ ጥላ በዓይኗ ተከተለችው። አውቆ ነው? ወይስ እንዲሁ አፉ ላይ መጥቶለት? ቀኑን ሙሉ ጥላው ሲሳብ እያየች ሁለቱን ስታመዛዝን ዋለች። ዝም ካለች ድንጋዩ ይፈለጣል፤ ድንጋይ ከሌለ አካፋይ የለም። ከተናገረች ድንጋዩ ይተርፋል፤ ዱላዋ ግን ይሄዳል፤ የአባቷ ዱላ፣ የአያቷ ዱላ፣ አሁን ደግሞ የዚያ እንግዳ ዱላ መሆኑ የታወቀው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው። ዝም አይነቅዝም ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች። በቀትር ውሃው ወደ ጎመኑ ሲገባ ግን ያ የአምስት ዓመት ጥያቄ ተመልሶ መጣባት። እነዚያ የእግር ቦታዎች። ስንት ናቸው? ሁሉም እኩል ነው የተበሉት? አንዱን ብቻ ነበር የጠረገችው። ዘጠኝ ትውልድ ወደ ኋላ ያለው አያቷ ጎመን ስር ተኝቷል፤ እሷም ሳታየው ልትሞት ነው። ከፍርሃቷ ሁሉ ይህኛው ባሰባት።

ዓርብ በመስጊዱ ግቢ ሰው እስከ አጥሩ ሞላ። ክርስቲያኖቹም መጥተዋል፤ የውሃ ነገር የሁሉም ነው። መምህሩ ወረቀቱን ይዞ ተናገረ። የነጩ ፈረስ ባለቤቶች አጉረመረሙ፤ የአራተኛው ቤት ሰዎች አሁንም አንደኛ መሆናቸው ሲነገራቸው ግን ማጉረምረሙን አቆሙ። ኢንጂነሩ በጥሞና ሰማና፣ እጅግ ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ግን ጉድጓዱ የታለ አለ። መምህሩ ወረቀቱን አገላበጠ።

እትዬ ጥላ ብድግ አለች።

«ጉድጓዱ ጎመኔ ስር ነው። የደፈንኩት እኔ ነኝ። አምስት ዓመት የማንም ውሃን ጎመን ሳጠጣበት ኖሬያለሁ።»

ዱላዋን ይዛ ወጣች። ሰውም ተከተላት።

ዶማውን ራሷ ያዘች። ግን መጀመሪያ ጎመኑ መነቀል ነበረበት፤ ጎመን ደግሞ አይጣልም። ስትነቅል ለቆመው ሁሉ ታድላለች። ኢንጂነሩ ሁለት ታቀፈ፤ ኮፍያው ዓይኑ ላይ ወርዶበት የሚያስተካክልበት እጅ አጣ። ሼሁ አንድ ተሰጣቸው፤ እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ። ከዚያ አፈሩ ተነሳ፣ ውሃ ፈሰሰበት፣ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

ሰባት ናቸው። በድንጋይ የተለበጠችውን ጉድጓድ ከበው ተቀምጠዋል። አንዱ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ተበልቷል፤ የአካፋዩ መሆን አለበት። ከእሱ በቀኝ በኩል ያለው ጨርሶ አልተበላም፤ እሱን የሚከተለው በጣት ስትነካው ትንሽ ብቻ ጎድጎድ ያለ ነው። ቀጣዮቹ ሦስቱ በጥልቅ ተበልተዋል፤ ከሁሉም ይበልጥ መሃለኛው። የመጨረሻው መካከለኛ ነው። መምህሩ ተንበርክኮ በጣቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቆጠረ። ያ እንግዳ ለራሱ አንድ ድንጋይ በቃው ነበር። እሱ ግን ለስድስቱም ቤት መቀመጫ አስቀምጦላቸዋል፤ በተራቸው ቅደም ተከተል።

ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ሌላ ሰፊ ድንጋይ ለብቻው ተነጥፏል፤ እሱም ሰው በሚቆምበት በኩል በእግር ተበልቷል። ሼሁ ጎመናቸውን ለሰው ሰጡ፤ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን በተበላው ቦታ ላይ አደረጉ። እንደቆሙ ፊታቸው ወደ አንድ ወገን ዞሯል። ቀና ብለው በጣራዎቹ መሃል ወደ መስጊዳቸው ተመለከቱ፤ የመስጊዱም ፊት ያንኑ የስግደት አቅጣጫ ይዟል። ኢንጂነሩ ጎመኖቹን መሬት አስቀምጦ ስልኩን አወጣና አቅጣጫውን ለካ። «ልክ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ማንም ሳይለምነው የወጠረውን ክር ነቅሎ ሦስት ሜትር ወደ ጎን ሄደ።

ማለዳ ግን ያንን ሁሉ አላየም። የሚያየው ያችን ያልተበላች ድንጋይ ነው። ትናንት ከተራራ ተፈልጣ የመጣች ትመስላለች።

«ይቺ የኛ ናት» አለ። «ዘጠኝ ትውልድ ቦታ ተይዞልን፣ እኛ ቁርስ ላይ ነን። አያቴ አንድ ቀን ቁርሱን ቢያዘገይ ኖሮ እኔ ዛሬ መስጊዱ ውስጥ ሰጋጅ ነበርኩ ማለት ነው?»

ሰው ሊስቅ ፈልጎ የሼሁን ፊት አየ። ሼሁ ጺማቸውን ዳሰሱ።

«የሚመራው አላህ ነው። ውሃውም ቁርሱም ሰበብ ነው።»

«እንግዲያው ቁርሳችንንም ያዘዘው እሱ ነዋ» አለ ማለዳ፤ ያኔ ሳቁ ከሼሁ ጀመረ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ሰው ሁሉ የቀረውን ነገር አስታወሰ። እትዬ ጥላ በጭቃ እጇ ዱላዋን አነሳችና ወደ ማለዳ ዘረጋችው። ሕግ ሕግ ነው። ማለዳ አልተቀበላትም፤ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ እሷና በአቅራቢያዋ ያሉት ብቻ በሚሰሙት ድምፅ ተናገረ።

«አንቺ፣ አምስት ዓመት ሙሉ አውቅ ነበር እኮ። ያለ ዝናብ የሚለመልም ጎመን የት አለ? ዱላውን ብነጥቅሽ ለማን እሰጠዋለሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ተራ ያለው ሰው ሁሉ ሌባ ነው፤ እኔንም ጨምሮ።»

«አሁንስ ለማን ትሰጠዋለህ?»

ማለዳ ዱላዋን ተቀበለ። ዞር ዞር ብሎ ሰውን አየ። ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ፣ ግማሽ ኮሌታው ተገልብጦ፣ አሁንም ድንጋዮቹን እየለካ ያለውን ሰው እስኪያገኝ ድረስ አየ።

«መምህር፣ እርስዎ እዚህ አገር ማሳ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ዘመድስ?»

መምህሩ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ሲገባው ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። ስለ ዓይኑ ተናገረ፣ ስለ ዕድሜው ተናገረ፣ ስለ ድመቱም ሳይቀር ተናገረ። ማንም አልሰማውም። ዱላው እጁ ውስጥ ገባ።

ቦዩ ሲታጠፍና ሲሚንቶው ሲደርቅ አንድ ወር ተኩል ሄደ። ሰኞ ዕለት ውሃው ሲለቀቅ መምህሩ ባልዲዋ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት መነጽር ደርቦ፣ ጥላውን እንደ ፈተና ወረቀት አፍጥጦ ያያል። እትዬ ጥላም መጥታለች፤ ልታስተምረው ነው የተባለው። ግን የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ብቻ ነውና ከጀርባው ሄዳ ያች እንደ ሳህን የተበላች የአካፋዩ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እግሯን በተበሉት ቦታዎች ላይ አደረገች። ሰፉባት። ሰውዬው ትልቅ እግር ነበረው ማለት ነው፤ ይህን ማንም መጽሐፍ አይነግራትም ነበር።

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈታ ተቀመጠች። እጇን የምታደርግበት አጣች። ያልተበላችውን ድንጋይ፣ የለሰለሰውን ጠርዝ፣ የጉድጓዷን አፍ ስታይ ቆየች። ያ የአራተኛው ቤት ሰው የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ነበር የተቀመጠው? አፍሮ ነበር? ወይስ መክፈቻውን እያሰበ ተቁነጥንጦ ነበር? ምን ብሎ ነው የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀው? ምናልባት «ፊትህን ታጥበህ ስታበቃ እግርህን ለምን ታጥባለህ?» ብቻ ይሆናል። ከእንዲህ ዓይነት ጥያቄ የጀመረ ነገር ነው ዛሬ አገር የሞላው።

ጸሐይ ከአናት ላይ ቆመች። ጥላው አጠረ፣ አጠረ፣ ደግሞ በአንድ ፀጉር ወደ ማዶ ሸሸ። መምህሩ አላየውም፤ ጠጠሩን በእጁ ይዞ ገና ይጠብቃል። እትዬ ጥላ ምላሷን ነከሰች። ዝም አለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትንፋሽ። በመጨረሻ መምህሩ ደንገጥ ብሎ ጠጠሩን አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«በቃ» አለ፤ ድምፁ ክፍል ውስጥ ተማሪ ዝም እንደሚያሰኝ ነበር። የሦስተኛው ቤት ሰው ደፈነ፤ የአራተኛው ቤት ሰው እጁን አጣጥፎ ቆመ። የማንም ያልሆነው ውሃ ከአምስት ዓመት በኋላ በአዲሱ የሲሚንቶ ቦይ ጎን ባለችው አሮጌ አፍ ገባና ጉድጓዷን መሙላት ጀመረ። መምህሩ ሊታጠብ እጅጌውን ሰበሰበ።

ያኔ ከታች በኩል የእግር ኮቴ ተሰማ። ማለዳ ነው። ተራው ካለቀ አራት ሰዓት ያህል አልፎታል፤ በዚህ ሰዓት እዚህ ቦታ ታይቶ አያውቅም። በእጁ በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ይዟል። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ያችን ያልተበላች ድንጋይ በኮቱ ጫፍ ጠረገና ቀስ ብሎ ተቀመጠባት፤ ወንበሯ እንዳትሰበር የፈራ ይመስል ነበር።

እትዬ ጥላ አየችው።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ለማየት» አለ ማለዳ፣ ቋጠሮውን እየፈታ። «ዘንድሮ ቁርሴን ይዤ ነው የመጣሁት።»